የሞተሯ እርግብግቢት

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በ1966 ዓ.ም. በበልግ ወራት ነው። አዲስ አበባ ላይ አብዮቱ የፈነዳበት፣ በእኛ በወሎ ደግሞ ራቡ ገና ያልለቀቀን ጊዜ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ከልቤ ወጥቷል። ይህ ግን አልወጣም። ዛሬ በመካነ ሰላም ሞተር ሳይክል የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ በደጃችን ሲያልፍ ድምፁ ተንተፋትፎ ቀጥ ካለ፣ እኔም የያዝኩትን ይዤ ቀጥ እላለሁ። እንደገና እስኪነሣ ድረስ እጄ ሥራ አይሠራም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም።

ደሴ አሥረኛ ክፍል ስማር የተማሪው ረብሻ በረታና ትምህርት ተቋረጠ። ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ቤት ከምቀመጥ ብዬ በጤና ጣቢያው ካርድ እየጻፍኩ፣ መርፌ እየቀቀልኩ አግዝ ጀመር። ያን ሰሞን ከቆላው የተነሣ ሰው ወደ ከተማው ይጎርፍ ነበር። ከጤና ጣቢያው ጀርባ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ተለቀቀላቸው። ታናሽ እህቴ አስካለ ውኃ ትቀዳላቸው ነበር። እናታችን ተይ ብትላት አልሰማ አለች።

በመጋዘኑ ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ገባ። ብዙም ሳይቆይ አስካለም ታመመች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ባንድ ሌሊት ዓይኗ ጎድጉዶ አሮጊት መሰለች። ቆዳዋን ሲቆነጥጡት እንደተቆነጠጠ ይቀራል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሽ ደምሴ ግሉኮስ ሰካላት። ከእሷ ጎን ጦይባ የምትባል ከቆላ የመጣች ሴት ተኝታ ነበር። ዘመድ አልነበራትም። ለእሷም ተሰካላት።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ ደምሴ ወደ ውጭ ጠራኝ።

«የቀረው ግሉኮስ ለሁለቱ እስከ ማታ ቢያደርስ ነው» አለኝ። «ከደሴ የተላከልን አቀስታ ደርሷል። መኪናው ግን ቤንዚን አጥቶ እዚያው ቆሟል። ሰይድ በሞተር ሄዶ ያምጣው። ችግሩ ጠርሙስ ነው። ሞተር ላይ ቢታሰር በዚያ ድንጋይ አንድም አይተርፍ። አቅፎ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል።»

እኔ ልሂድ አልኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ቤት ሄዳ አስካለን አዝላ ያሳደገችበትን አንቀልባ አምጥታ ሰጠችኝ።

ሰይድ የጤና ጣቢያው መልእክተኛ ነበር። የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ቀድሞ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል፤ ስለ ሞተር ያውቃል። አፉ አያርፍም፤ የሚቀልድበት ነገር ካጣ በራሱ ይቀልዳል። ሞተሯን «በቅሎዬ» ይላታል። ያን ለት ጠዋት ግን እስከ ከተማው ዳርቻ ድረስ ምንም አልቀለደም።

ትርፍ ቤንዚን የያዘች ጀሪካን ከኋላዬ ታስራ ነበር። ክዳኗ ስለሚያንጠባጥብ ቀሚሴ ራሰ፤ ሽታውም ራሴን አዞረኝ። ደጋው ላይ ከወጣን በኋላ ከመንገዱ ዳር አንዲት ጎጆ አየንና ቆምን። እማማ ዘውዴ የሚባሉ አሮጊት ወጡ። ሰይድ ጀሪካኗን እቤታቸው እንድናስቀምጥ፣ ስንመለስ እንድንሞላ ለመናቸው። ከደጃቸው ጥግ አስቀመጡልንና እንቅብ ደፉባት። ወዴት እንደምንሄድ ሳንነግራቸው ቸኩለን አለፍን።

አቀስታ መኪናውን አገኘነው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በጭድና በጨርቅ ጠቅልለን አንቀልባው ውስጥ ደረደርናቸው። ሰይድ ከኋላዬ አንሥቶ አሸከመኝ። ጠፍሮቹን ደረቴ ላይ አቆላልፌ አሰርኩ፤ ከላይ ጋቢ ደረብኩ። እንደ ልጅ ይከብዱ ነበር። ስንቀሳቀስ ጠርሙሶቹ በቀስታ ሲነካኩ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ያች ድምፅ እንዳትበረታ እየሰጋሁ ተመለስን።

እማማ ዘውዴ ደጅ ስንደርስ ፀሐይዋ ከአናት ዘንበል ብላ ነበር። ሰይድ ጀሪካኗን አንሥቶ ወደ ታንኩ ይገለብጥ ጀመር። እማማ ጀርባዬን አይተው ደነገጡ።

«ኧረ በሞቴ! መቼ ወለድሽው? ጠዋት ባዶ ጀርባሽን አልነበር ያለፍሽ?»

«አቀስታ ገበያ ላይ ገዛነው እማማ» አለ ሰይድ።

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ቀባጣሪ! እሷን ነው።»

ልጅ ሳይሆን መድኃኒት መሆኑን፣ እህቴ መታመሟን ነገርኳቸው። «ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ሌላ አልጠየቁም። ወደ ውስጥ ገብተው አንዲት ትንሽ ቅል ይዘው ወጡ።

ቅቤ ነበረች። ላሞቻቸው በድርቁ እንዳለቁ የበረቱ ባዶነት ይናገራል። ቅሏን ዘንበል ሲያደርጓት ከሥሯ የተረፈችውን አየሁ። ለቁስል መድኃኒት የምትቀመጥ ያህል እንጂ ለወጥ የምትሆን አልነበረችም። ተዉት ለማለት ቃጣኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ተዉት አይባልም።

«ሰውም ሆነ ከብት ሩቅ መንገድ ሲወጣ ቅቤ ሳይነካው ከዚህ ደጅ አይሄድም» አሉ። «ይቺ ከብታችሁ አናቷ የት ነው?»

ሰይድ የታንኩን ክዳን እየገጠመ ነበር። ያንኑ ክዳን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይኸውልዎ እማማ። የምትጠጣውም በዚሁ፣ የምታስበውም በዚሁ ነው።»

እማማ ክዳኑን በጣታቸው ዳሰሱት። መሐሉ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አገኙ። «አሃ፤ እርግብግቢቷም ይቺውና» አሉ። በእኛ አገር ጨቅላ ሲወለድ አናቱ እስኪጠና ድረስ እርግብግቢቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። እማማም እንደዚያው አደረጉ። ቅቤውን በአውራ ጣታቸው ጎድጓዳው ውስጥ ጠቅ አድርገው፣ ዙሪያውን አሻሽተው፣ የተረፈውን ከጣታቸው ላይ ጠርገው ጨመሩበት።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ልጅቱን በእግሯ ያቁምልሽ» አሉኝ።

«አሚን» አለ ሰይድ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

ተነሣን። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ ረጅም ነው፤ ጓሳ ሣር እንጂ ቤት የለበትም። ነፋሱ ይቆርጣል። ሜዳውን ገና ስንጀምር ሞተሯ አንድ ጊዜ ሳል አለች። ሰይድ ጆሮውን አቀና። ደግማ ሳለች፤ ከዚያ ትንፋሿ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቆመች።

ሰይድ ቢረግጣት ቢረግጣት አልነሣ አለች። የታንኩን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን አለ። መልሶ ዘጋው። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፈትቶ አወጣና በጣቱ ዳሰሰው፤ ብልጭታውንም ሞከረ። «ደረቅ ነው» አለ። «እሳቱ አለ። ቤንዚኑ ነው የማይደርሳት። ካርቡራተሩ ቆሽሾ ይሆናል።»

ቤንዚኑ ከአየር የሚቀላቀልበትን ያን ካርቡራተር ፈታው። እኔ ቆሜ አያለሁ፤ ጀርባዬን ፈትቼ ላስቀምጥ ብል ድንጋዩ ላይ የምተማመንበት ቦታ የለም። ከሥሩ ያለችውን ኩባያ መሳይ ነገር አወጣ፤ ቤንዚኑን ደፋ። ከዚያ ጅግለር የሚላትን የናስ ቅንጣት አወጣ። መሐሏ ላይ ቤንዚኑ የሚያልፍባት የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች።

«ከፀጉርሽ አንድ ዘለላ ስጪኝ» አለኝ።

ነቅዬ ሰጠሁት። ፀጉሬን በቀዳዳዋ አሾልኮ ሳባት፤ በአፉ ነፋት፤ ወደ ሰማይ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አያት። ሁሉንም መልሶ ገጠመና ረገጠ። ሞተሯ ተነሣች።

«አላልኩሽም? ቆሻሻ ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔም አምላኬን አመሰገንኩ።

ብዙ አልሄድንም። ያው ሳል፣ ያው ትንፋሽ ማጠር፣ ከዚያ ፀጥታ።

አሁን ሰይድ ወዲያው አልወረደም። መሪውን እንደያዘ አንገቱን አቀርቅሮ ቆየ። «ጅግለሩ ንጹሕ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቤንዚኑ ነው።» ክዳኑን ከፈተ፤ በጨርቅ ነክሮ ጥቂት ቤንዚን አወጣና መዳፉ ላይ ጨመቀው። ንጹሕ ቤንዚን መዳፍ ላይ ወዲያው በንኖ እንደሚደርቅ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ቅባቱ እንደሚቀር ነገረኝ። ጠበቀ። ከዚያ ጣቶቹን መዳፉ ላይ አሻሸ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይኸው ቅባት! ንኪው!»

ነካሁት። እውነትም ያሟልጫል።

«ላምባ ቀላቅለውበታል» አለ። «ማን እንደነካው እናውቃለን? ጀሪካኗ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ቤት ናት። ቤንዚኑን ቀንሰው ሸጠው ከኩራዛቸው ላምባ ሞልተውበታል። እኛንም በቅቤ ሸነገሉን!»

«ጋሼ፣ እሳቸው እንዲህ አያደርጉም» አልኩት።

«ራብ የማያሠራው ምን አለ? ደሞ ቆመው ይመርቁናል!»

እቤታቸው ኩራዝ አላየሁም። ግን ውስጥ አልገባሁም። የእማማን አውራ ጣት አሰብኩ። ከዚያ መዳፌን አየሁት፤ ቅባት አለበት። ምን ብዬ እከራከረዋለሁ?

ሌላ ቤንዚን የለንም፤ ደፍተን የምንሞላው የለም። «ላምባም ይሁን ውኃ ትሂድ» ብሎ ክዳኑን ዘግቶ ረገጣት። ተነሣች። ሰይድ በንዴት ነዳ። ጠርሙሶቹ ጀርባዬ ላይ ተንቀጫቀጩ፤ ቀስ በል ብዬ ጮኽኩ። ቀስ አለ። ወዲያው ሞተሯ ቆመች።

ደመናው ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ጥቃቅን በረዶ ይወርድ ጀመር። ወዲያ ማዶ በጉሙ ውስጥ ሰዎች ታዩኝ። ባልና ሚስት ናቸው፤ አህያቸውን ከፊት ነድተው ወደ አቀስታ ይሄዳሉ። አህያዋ ላይ ከአንድ ምጣድና ከቁርበት ሌላ ምንም የለም። እህል ይሰጣል መባሉን ሰምተው እንደሚሄዱ ነገሩን። ሰውየው ሞተሯን፣ ሰይድን፣ እኔን አየ።

«ልግፋላችሁ?» አለ።

እግሮቹ እንደ ዱላ የቀጠኑ ነበሩ። ሰይድ የንዴት ፊቱን አዙሮ «አይ ወንድሜ፤ አላህ ይስጥልኝ። ጉልበትህን ለመንገድህ» አለው። ሴትየዋ ወደ እኔ ቀረብ አለችና ጋቢዬን ወደ ላይ ስባ አንቀልባውን አለበሰችው። «ልጁን በረዶ እየመታብሽ ነው እኮ» አለችኝ። ልጅ አይደለም ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። እግዜር ይስጥሽ አልኳት። ሄዱ።

ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት። በእግር ብጀምር ያን ሸክም ይዤ እስከ ማግስቱም አልደርስም። የአስካለ ጠርሙስ ምን ያህል እንደቀረው ማሰብ ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። የታየኝ የጠርሙሱ ሥር ብቻ ነው።

ሰይድ ተንበርክኮ ካርቡራተሩን ለሁለተኛ ጊዜ ፈታ። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ካቻቢቴው ሁለቴ ወደቀበት። ጅግለሯን ነፋት፤ ንጹሕ ናት። ገጠመና ረገጠ። አሁን ጭራሽ አልነሣ አለች። ደጋግሞ ረግጦ ሲደክመው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከታንኩ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደውን ቀጭን ጎማ ነቀለና «ነይ ይቺን ያዥልኝ» አለኝ።

ቁጢጥ ብዬ የጎማውን ጫፍ ያዝኩ። ጥቂት ጠብታ ወረደ፤ ቀጠነ፤ ቆመ።

«ታንኩ ውስጥ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፤ አፉን ዘግቶታል» አለና ተነሥቶ ክዳኑን ሊከፍት ያዘ። እጁ አንሸራተተው። ሰደበው። በነጠላው ጫፍ ጠቅልሎ ፈታው።

ክዳኑ ሲከፈት እስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ቤንዚኑ ከጎማው ግልብጥ ብሎ እጄ ላይ ፈሰሰ።

«ወረደ!» አልኩ። ጫፉን በአውራ ጣቴ ደፈንኩት።

«ይወርዳል? እንግዲያ ቆሻሻው ተነሣ» አለና ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ጣቴን አነሣሁ። ወረደ፤ ቀጠነ፤ በጠብታ ሆነ፤ ቆመ።

ይህን አወራረድ አውቀዋለሁ። የት እንዳየሁት ግን ወዲያው አልመጣልኝም። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ተነካኩ።

ግሉኮስ ሲሰቀል በጠርሙሱ ላስቲክ ላይ ሁለት መርፌ ይሰካል። አንዱ ፈሳሹን ወደ በሽተኛው ያወርዳል። ሌላው አየር ያስገባል። የአየሩ መርፌ ከተደፈነ ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጠብታው ይቀጥንና ይቆማል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ጋሽ ደምሴ አሳይቶኛል።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑ አየር የሚያገኘው በየት ነው?» አልኩት።

«ምን?»

«ይሄ ታንክ። ቤንዚኑ ሲቀንስ አየር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም? ግሉኮሱ የአየር መርፌ ካልተሰካለት አይወርድም።»

ሰይድ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ እጁ ያረፈበትን ክዳን አየ። «በክዳኑ ነዋ» አለ። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «በክዳኑ መሐል ነው ቀዳዳዋ...»

ሁለታችንም ጎድጓዳዋን አየናት። በእማማ ሙቅ እጅና በፀሐይ የለሰለሰችው ቅቤ ወደ ውስጥ ገብታ፣ በሜዳው ብርድ እንደ ሰም ደርቃ ቀዳዳዋን ድፍን አድርጋታለች። ሰይድ ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ታንኩ አየር ያገኛል፤ ሞተሯም ያቺን አየር እስክትጨርስ ትሄዳለች። እኛ ግን ጅግለሩን ስላጸዳን የተነሣች መስሎን ነበር። መዳፉ ላይ ያገኘነውም ቅባት የላምባ ሳይሆን ክዳኑን ሲነካ በጣቱ የያዘው የእማማ ቅቤ ነበር።

ሰይድ ጣቱን አፍንጫው ላይ አደረገ። «ቅቤ» አለ። «ቅቤ ነው እኮ! አናቷ ይሄ ነው ያልኳቸውስ እኔው!» ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ግን አልሳቀም።

ሰይድ ጎማውን ቦታው መልሶ ሰካ፤ እኔም የቀሚሴን መርፌ ቁልፍ ፈትቼ ሰጠሁት። ቅቤውን በጫፉ እየፈለቀቀ አወጣው፤ ውስጠኛው ግን አልወጣ አለ። ክዳኑን ፈትቶ ብብቱ ውስጥ ከተተና በብርዱ እየተንቀጠቀጠ አቅፎ ቆመ። ሲሞቅ በአፉ ነፋበት። መርፌውን ደግሞ ሰደደበት። እንደገና ነፋ። በመጨረሻ ከወዲያ በኩል እስትንፋሱ መዳፌ ላይ ተሰማኝ።

የወጣችውን ቅቤ መዳፌ ላይ አጠራቅሜያት ነበር። ሰይድ «ጣያት በቃ፤ ቤንዚን ነክቷታል» አለኝ። አልጣልኳትም። የእነዚያን ላሞች በረት አይቼዋለሁ። ነጠላዬን ገልጬ አናቴ ላይ ቀባኋት። ሰይድ ትንሽ አየኝና ከፊቴ ዝቅ አለ።

«እኔንም ንኪኝ» አለ። «ሌባ ብያቸዋለሁ።»

መዳፌ ላይ የቀረችውን አናቱ ላይ አበስኩለት። ክዳኑን ገጥሞ ረገጠ። ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ከዚያ እስከ መካነ ሰላም አንድም ጊዜ አልሳለችም። እኔ ግን እስክንደርስ ድረስ ጆሮዬን ከእሷ ላይ አላነሣሁም።

ስንደርስ ሊመሽ ነበር። እናቴ አስካለ ራስጌ ቁጭ ብላ ጠርሙሱን ታያለች። ከሥሩ ጥቂት ነበረው። ጋሽ ደምሴ ካንቀልባው አንድ አውጥቶ ጨርቁን ገፈፈና ቶሎ ቀየረላት። አንድም ጠርሙስ አልተሰበረም። ሁለተኛውን አውጥቼ ወደ ጦይባ መኝታ ዞርኩ።

መኝታው ባዶ ነበር። ቁርበቱ ተጠቅሏል።

«ከሰዓት በኋላ ነው» አለኝ ጋሽ ደምሴ። «ቀድማችሁ ብትደርሱም አትተርፍም ነበር።»

እውነቱን ይሁን ለእኔ ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅሁትም። ጠርሙሱን አስቀመጥኩና እጄን ታጠብኩ።

አስካለ ተረፈች። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የተናገረችው «ምንድን ነው የምትሸቺው?» የሚል ነበር። ቅቤና ቤንዚን አብሮ ሲሸት ምን እንደሚመስል ከእኛ ቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ክረምቱ ወጥቶ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ሰይድ ለሥራ ወደ አቀስታ ሲሄድ አስካለን ይዤ አብሬው ሄድኩ። ሦስት ሆነን ነው የተጫንነው። ለእማማ ላሳያት ፈልጌ ነበር። ሰይድ ሞተሯን ከጎጆው ራቅ አድርጎ ከድንጋይ ካብ ጀርባ አቆማት።

«ለምን እዚያ?» አልኩት።

«ከዚያች ቅል አርቄ ነዋ።»

እማማ ዘውዴ ከስተው ነበር፤ ግን አሉ። አስካለን አገላብጠው ሳሟት፤ አናቷን ዳሰሱ። ከጎረቤት የወለደች ላም ነበረችና ቅሏ ውስጥ ጥቂት አዲስ ቅቤ አላቸው። አስካለን ቀቧት። ከዚያ ቀና አሉና «ያቺ ከብታችሁስ? ያን ለት ደህና ደረሰች?» አሉኝ።

ሰይድ እግሩን ማየት ጀመረ።

«ደርሳለች እማማ» አልኩ።

«አላልኳችሁም?» አሉና ቅላቸውን ይዘው ወደ ካቡ አመሩ። ሰይድ እየሮጠ ቀደማቸው። ክዳኑን በእጁ ሸፍኖ ቆመና በሌላ እጁ የፊቷን መብራት አሳያቸው።

«እማማ፣ ያኔ ተሳስቼ ነው። አናቷ በዚህ በኩል ነው።»

እማማ ከላይ እስከ ታች አዩት። «የገዛ ከብትህን አናት የማታውቅ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ይሄን ሁሉ አገር የምትዞረው እንዲህ ሆነህ ነው?» አሉት። አስካለ በሳቅ ተንፈራፈረች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። እማማ መብራቱን ዙሪያውን አዳርሰው ቀቡት።

እማማም ሰይድም ከሞቱ ቆይተዋል። አስካለ የልጅ ልጅ አይታለች። በዚያች ቅቤ ቂም ይዤ አላውቅም። ከነበራቸው ላይ የመጨረሻዋን ነው የሰጡን። ነገር ግን አንድ ሞተር በደጃችን ቀጥ ሲል ያ ሜዳ፣ ያ የተጠቀለለ ቁርበት አብረው ይመጡብኛል። ጦይባን ለእማማ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ተነሥተው ከብታችሁ ደህና ደረሰች ወይ ቢሉኝም የምመልሰው ያንኑ ነው። ደርሳለች።